ያልያዝኩት የጀልባ መሪ

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዮናሴ፣ የእናቱ ጌታ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶም ዝናቡ አልተወንም፤ የግቢው ጭቃ ጫማ ይነጥቃል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ “ደህና ነኝ እማ፣ ባሕሩን ወድጄዋለሁ” ስለምትል፣ እኔም “ተመስገን” ብዬ ስለምዘጋው ነው። የመርከብ ባልደረባህ ካሌብ ዓርብ ወደ ጅቡቲ ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሃለሁ። አዲሱን ውል ከመፈረምህ በፊት እንዲሰጥህ በገብርኤል ለምኜዋለሁ።

በካሌብ ላይ አትቆጣ። የላክህልኝን ሳሙና ሊያደርስ ነበር የመጣው፤ ቁጭ አድርጌ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ። “እትዬ ፀሐይ፣ ዮናስ ማዕበል በተነሳ ቁጥር እህል አይቀምስም። ሰውነቱ አልቋል” አለኝ።

“ታዲያ ለምን ትቶት አይመጣም?”

አንገቱን ደፋ። “‘እናቴ በሃያ ዓመቷ የአሰብን ጎታች ጀልባ የነዳች ሴት ናት። እኔ ወንዱ ፈራሁ ብዬ በምን ፊቴ እገባለሁ?’ ይላል።”

ልጄ፣ ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እስቲ ልንገርህ። ጎታች ጀልባዎቹን መውደዴ እውነት ነው። በወደቡ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቴ የጽሕፈት መኪናው ላይ፣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር። ትልልቆቹ መርከቦች አያስደንቁኝም ነበር፤ ፎቅ አክለው መጥተው ወደብ ውስጥ ብቻቸውን መዞር እንኳ አይችሉም። እነዚያ ድንክዬዎች ግን በጎናቸው አሮጌ ጎማ አንጠልጥለው፣ ጥቁር ጭስ እያትጎለጎሉ፣ ያንን ሁሉ ብረት በግንባራቸው ገፍተው ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። “ንጋት” የምትባለዋ ሞተሯ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ታስል ነበር፤ ቀና ሳልል በድምጿ አውቃታለሁ። በቀን ስንት መርከብ እንዳስገባች በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። አለቃዬ ደርሶብኝ “አንቺ ልጅ፣ ባልሽ መርከብ ነው እንዴ?” ብሎኛል።

ሐሰቱ መንዳቴ ነው። የንጋት ነጂ ካፒቴን ሱልጣን አንድ ቀን ከመስኮቴ ሥር ቆሞ “ከሩቅ አይተሽ መቼ ትጠግቢያለሽ? ነይ አንዴ ላዙርሽ” አለኝ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። መሻገሪያው ሳንቃ ላይ አንድ እግሬን ሳሳርፍ ውሃው ከሥሬ ሲናጥ አየሁና አንዱን ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። በማግሥቱ ካፒቴኑ ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። እኔም በ83 አሰብን ለቅቀን እስክንወጣ ድረስ ወደ ጀልባዋ አልተጠጋሁም።

ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ ከየት መጣ? አምስት ዓመትህ ላይ ወባ ይዞህ፣ ኪኒኑ መረረኝ ብለህ ጥርስህን ገጠምክብኝ። “ከዋጥክ አንድ ጉድ እነግርሃለሁ” አልኩና ንጋትን እኔ ነድቻታለሁ አልኩህ። ዋጥክ። በማግሥቱ “ከዚያስ?” አልከኝ። ከዚያማ ማዕበሉ መጣ፣ ጭጋጉ መጣ፣ ካፒቴኑ ታሞ እኔ ብቻዬን መርከብ አስገባሁ! አባትህ ገብረየስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “ሲያድግ ትነግሪዋለሽ” ይል ነበር። አደግህ፤ አልነገርኩህም። የባሕርተኞች ማሠልጠኛ ስትገባ እንኳ እውነቱን ደበቅኩህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደ። ያ ትንሽ ዓይንህ እንደ ጀግና ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዮናሴ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ጉማሬ ለማየት ሐይቁ ዳር ስንሄድ አንተንና አባትህን አሳፍሬ፣ “ይሄ ደግሞ ለእኔ ጀልባ ነው?” እያልኩ ዳር የምቀረውስ? ፍርሃት ነበር። ያለፈው እሑድ፣ ሳልሞክር እንዳልጽፍልህ ብዬ፣ ጎረቤታችንን ሙሉዬን አስከትዬ ሄድኩ። የመንሳፈፊያውን ሰደርያ አጥብቄ አስሬ ተቀመጥኩ። ጀልባ ነጂው ልጅ ሞተሩን ሲያስነሳ “ገብርኤል ድረስልኝ! አውርዱኝ!” ብዬ ጮህኩ። ጀልባው ከዳር ገና አልተላቀቀም ነበር። ሙሉዬ ከሳቋ ብዛት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እስካሁን በሬን ባለፈች ቁጥር “ካፒቴን!” ትለኛለች።

እንግዲህ አንተ አሥራ አራት ወር ባሕር ላይ ኖረሃል። እኔ አንዲት ደቂቃ አልኖርኩም። የምታፍራት ያቺ ደፋር ሴት የለችም፤ አልነበረችምም። ብትፈራ በእናትህ ወጣህ እንጂ ማንንም አላሳፈርክም። ባሕሩን ከወደድከው ፈርም፤ እመርቅሃለሁ። ለእኔ ብለህ ግን እንዳትፈርም። ስላታለልኩህም ይቅር በለኝ።

ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ ገብርኤል አንተን ከማዕበል ያውጣህ። በውሃም በየብስም ከፊትህ ይቅደም፤ የያዝከው ይባረክልህ።

ፍራሽህን ትናንት ፀሐይ አስመትቼ አልጋህን አንጥፌዋለሁ። ምንም ማለቴ አይደለም፤ ዝናቡ ጋብ ስላለ ነው።

እናትህ
ፀሐይ