የግራጫዋ ጥንቸል ዘር

ጥቅምት 9

እሁድ። ውሃ ስለመጣ በርሜሉን ሞላሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ወንድሜ ባሮክ ከካራ መጣ፣ ካርቶን ታቅፎ። ውስጡ ጥንቸል... ግራጫ፣ ሴት። ሰላሙ የሚባል ጎረቤቱ ያረባል፣ አንዷን ለአባዬ ብሎ ሰጠው። የአባዬን የመርሳት ሕመም የምትከታተለው ሐኪም «ድሮ የለመደውን ሥራ አስታውሱት» ብላን የለ? ባሮክ ቃሏን ይዞ ነው።

አባዬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራው የጥንቸል እርባታ ጣቢያ ነው። የየካ ሚካኤል ሰው፣ የቄስ ልጅ፣ ጥንቸል አርቢ። ጥንቸል በማይነካበት ሰፈር። ልጅ ሆነን ቤታችን ውሃ እንኳ ለመጠጣት የሚያመነታ ጎረቤት ነበር።

አባዬ ካርቶኑን ከፍቶ አያት። ዝርያዋ ምንድን ነው አልኩት።

«ቀስ በይ፣ አምለሰት» አለ።

ስሜን ጠራ። ከአሥር ቀን በኋላ።

ጥቅምት 12

ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ነበር፣ ፀሐይ ውስጥ። ቀለም በጥላ አይታይም አለኝ። ጥንቸሏን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ጀርባዋን እፍ አለባት። ፀጉሯ ክብ ሠርቶ ተከፈተ። ሥሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ከዚያ ነጣ ያለ ቀለበት። ከዚያ ቀጭን ጥቁር መስመር። ጫፉ ነጭ፣ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት። ከሩቅ ግራጫ ናት... ቀርበው ሲያዩ ግራጫ የሚባል ፀጉር የላትም።

«ቺንቺላ» አለ፣ የዝርያዋን ስም። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው እጅ።

እኔም እፍ አልኩ። በጣም ነፋሽ አለኝ፣ ሳቀ።

ጥቅምት 20

ዛሬ ሐሳቡን አሻሻለ። ሆዷ ነጭ ነው፣ የዓይኗ ዙሪያም ነጣ ያለ፣ ይሄ ሁሉ የቺንቺላ ነው። ግን ግንባሯ ላይ ክር የምታህል ነጭ አለች። የኋላ እግሮቿ ጣቶችም ነጭ ናቸው፣ ካልሲ ያጠለቀች ይመስል። ንጹሕ ቺንቺላ እዚያ ነጭ የላትም።

«አያቷ ደች ናት» አለ።

ደች ማለት ፊቷን ነጭ መስመር የሚከፍላት፣ ደረቷ ዙሪያውን ነጭ የሆነ ዝርያ ናት። ከዚያች አያት የቀረው ይህቺ ክርና ካልሲው ብቻ ነው። ታዲያ ዘሯ ተበላሸ ማለት ነው? አልኩት። ለውድድር አትሆንም፣ ለቤት ግን ምን ጎደላት አለ።

ከዚያ ማን አመጣት ብሎ ጠየቀኝ። ባሮክ አልኩት። ሻይ ሳንጨርስ ደገመ። ማታም ደገመ።

ጥቅምት 27

እጅጌው ላይ የጥንቸል ፀጉር አየሁና ያ ቀን መጣብኝ። እዚህ ልጻፈው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ካርድ የሚሰጥበት ቀን። አባዬ በቀጥታ ከሥራ መጣ፣ ያንን ካኪ ካፖርት ለብሶ፣ ፀጉር በፀጉር ሆኖ። ጓደኞቼ ማነው አሉኝ። ነባሮቹ የክፍሌ ልጆች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ «የጥንቸሉ ልጅ» ይሉኝ ነበር፣ እነዚህ ግን አዲስ የመጡ ናቸው፣ አያውቁም።

«የእኛ ግቢ ዘበኛ ነው» አልኩ።

ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። ሰምቷል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ለልጆቹ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና «አባቷ ሥራ ስለያዛቸው እኔን ልከውኝ ነው» አለ። ካርዴን ተቀበለ። ሄደ።

ቤት ስገባ ጎበዝ፣ አራተኛ ወጥተሻል አለኝ። ሃያ አራት ዓመት... እሱም አላነሳው፣ እኔም።

አሁን ካልነገርኩት መቼ ነው? ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 2

አልነገርኩትም። የምሠራበት ፋርማሲ ወረፋ ነበረበት፣ ደክሞኝ ገባሁ። ሰበብ።

ኅዳር 5

ሻይ አቀረብኩለት። ጎኑ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አንድ ነገር...» አልኩ። ጥንቸሏ ጎመኗን ስትቆረጥም እያየ ነበር፣ ደስ ብሎት። እንዲህ ደስ ብሎት ሳለ ለምን አነሳበታለሁ? ይደር አልኩ።

ኅዳር 8

ፋርማሲ ሳለሁ ተደወለልኝ። የማላውቀው ቁጥር። እንጦጦ ፓርክ በር ላይ የሚሠራ ጥበቃ፣ ጋሮማ እባላለሁ አለ። አንድ አባት ጥንቸል በጋቢ ታቅፈው መጥተዋል፣ ቁጥርዎን ጃኬታቸው ውስጥ ተሰፍቶ አገኘሁት አለ። ቀን ቀን አባዬን የምትጠብቀው ጎረቤታችን እትዬ አፀደ ናት። ለጥቂት ደቂቃ ቤቷ ደርሳ ስትመለስ በሩ ክፍት።

ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ? በሰባ ስድስት ዓመቱ?

ታክሲ ይዤ ወጣሁ። ጋሮማ የራሱን ወንበር ሰጥቶት፣ ውሃ አጠጥቶት ነበር። ወደ ጎን ወሰደኝና ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«ስማቸውን ስጠይቃቸው ጠፋባቸው። የጥንቸሏን ዘር ግን እስከ አያቷ አስረድተውኛል።»

የአባዬ ቁርጭምጭሚት አብጧል። ታክሲው ውስጥ እጁን ያዝኩት። ቀስ አድርጎ አወጣው። እንደ ጨዋ ሰው... ሳያስቀይም።

ኅዳር 9

ቁርስ ይዤ ገባሁ።

«እንደምን አደሩ» አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ። «ጥንቸሏን ሊያዩ ነው የመጡት?»

እርስዎ። ጣቢያውን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ለእሱ እርስዎ ነበር። ትሪውን አስቀምጬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ሳለቅስ እንዳይሰማኝ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ በሰው ተሞልቷል። ባሮክ መጣ። ፎቶ አሳዪው፣ ትዝታው ይመለስለታል አለኝ። አባዬ ባሮክን «ወንድሜ» ነው የሚለው፣ የሞተው አጎታችን መስሎት። ባሮክ እሺ ብሏል። እኔ ግን እሺ ማለት አልቻልኩም።

የምርቃቴን ፎቶ አመጣሁ። ካባ ለብሼ፣ እሱ ጎኔ ቆሞ። ተቀብሎ ብዙ ቆየበት። ዓይኑ በራ። ከዚያ ፎቶውን ወደ እኔ አዞረው።

«ልጄ ናት» አለ። «መድኃኒት ነው የተማረችው።»

እኔን ለእኔ አሳየኝ።

የት ናት አሁን? አልኩት። ለምን ጠየቅኩ?

«ሥራ ይበዛባታል» አለ። «ሲመቻት ትመጣለች።»

ታኅሣሥ 3

መከራከር ተውኩ። ልጅህ ነኝ ስለው ይፈራል፣ ያለቅሳል። ስለዚህ ማታ ማታ ጥንቸል ልትማር የምትመጣ ሴት ሆኛለሁ። ከሥራ እገባለሁ፣ በር አንኳኳለሁ፣ ይግቡ ይለኛል። «ጋሽ ሣህሌ፣ እንዴት ዋሉ» እላለሁ። በሕይወቴ አባቴን እርስዎ ብዬ አላውቅም ነበር። 

ያስተምራል ግን! አንዲት ጥንቸል ነጭ ሆና አፍንጫዋ፣ ጆሮዋና እግሮቿ ጥቁር ከሆኑ ዝርያዋ ካሊፎርኒያ። ሁለመናዋ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ ከሆነ ኒውዚላንድ። ስሳሳት ይታገሠኛል። እጁን እጄ ላይ አድርጎ የጥንቸሏን ፀጉር ያስነካኛል። እጄን የሚነካኝ ያኔ ብቻ ነው።

ጣቢያው ስንት ዓመት ቆዩ አልኩት። ሁሉንም ነገረኝ። ልጅ ሆኜ ጠይቄው የማላውቀውን ሁሉ። ሰው ሲሸሸው፣ እናቱ ሳህኑን ስትለይበት። ለምን አልተዉትም ስለው «ሥጋ የማያገኝ ድሃ በዛና እነዚህ ይደርሱለታል ብዬ ነዋ» አለ። ማንም ሥጋቸውን አልበላም። እሱ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት።

ታኅሣሥ 19

አባዬ ምግብ እየቀነሰ ነው። ሐኪሟ ተዘጋጁ አለች። ለምኑ?

ጥር 3

ዛሬ ፀሐይ ነበር። ፈቃድ ወስጄ ዋልኩ። በረንዳው ላይ ሁለታችን፣ ጥንቸሏ መሐላችን። ተረጋግቶ ነበር፣ ንግግሩም ጥርት ያለ። ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣም አልኩ።

እንዲህ አልኩት። «ጋሽ ሣህሌ፣ አንዲት ልጅ በአባቷ ሥራ አፈረች። ካርድ ሊቀበልላት ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ጓደኞቿ ፊት ዘበኛችን ነው አለች። እሱም ሰማ። ልጅቷ አሁን አድጋለች፣ ይቅርታ ልትጠይቀው ትፈልጋለች። ምን ትበለው?»

አዳመጠኝ። ጥንቸሏን ሲያሻሽ እጁ ቆመ።

«ያሳዝናል» አለ። «የሰውዬው ልብ ተሰብሯል።»

«የእርስዎ ልጅ እንዲህ አድርጋ ቢሆንስ?»

ራሱን ነቀነቀ። ተቆጣ እንኳ አልልም፣ ቅር አለው።

«የኔ ልጅ? አምለሰት? እሷ እንዲህ አታደርግም።»

ሃያ አራት ዓመት ተሸክሞት ኖሮ፣ አሁን ጥሎታል። የት እንደጣለው አይታወቅም። ይቅር በለኝ ብለው ምኑን ይቅር ይላል? ያንን ቀን የምናውቀው ሁለት ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ልክ ነዎት አልኩት። ጋቢውን እግሩ ላይ አስተካከልኩለት። እግዜር ይስጥልኝ አለ። ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ስታዘቀዝቅ አየና አሰበልኝ።

«አይመሽብዎትም? ቤተሰብዎ ይጠብቅዎታል።»

«ቤቴ እዚሁ ቅርብ ነው» አልኩት።