ለጥየቃ ነው የመጣነው

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

«ማንን ልትጠይቁ ነው?» አለኝ የኬላው ሰውዬ፣ መታወቂያዬን ገልብጦ ጀርባውን እያየ። ጀርባው ባዶ ነው። ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያመነው ይመስለኛል፤ ብዙ ቆየበት።

«ጓደኞቻችንን» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ዳዊትና ሚስቱ ሐዊ ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ትንሽ ሆቴል አላቸው። ከዳዊት ጋር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም። «ጠየቀ» የሚለው ግስ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዘመድም ይጠየቃል፣ ጥያቄም ይጠየቃል። እኔ ለሁለቱም ነው የመጣሁት። ጥያቄውን የምጠይቃት ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆማ ሙዝ ትልጣለች።

ምሕረት። ዲላ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የካቲት ላይ ለሁለት ዓመት ትምህርት ጎንደር ትሄዳለች። ዲላና ጎንደርን ለማገናኘት ካርታውን ሁለት ጊዜ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ሞክሬዋለሁ። ከመሄዷ በፊት ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ነው። ሳታስበው፣ ድንገት። 

ከትናንት ወዲያ በጥምቀት ሎሚ ወርውሬ ልገላገል አስቤ ነበር። ኢላማ የለኝም። ዲያቆን ብመታስ?

ቀለበቱ በመነጽሬ ማኅደር ውስጥ፣ ከመጥረጊያው ጨርቅ ሥር ተኝቷል። ፈታሹ ሻንጣዬን በርብሮ መጽሐፎቼን አገኘና «ይሄን ሁሉ ለጥየቃ?» አለኝ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ አልኩት። አዘነልኝ፣ አሳለፈኝ።

ከኬላው ወዲያ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። ምሕረት ከግራ ስትጠብቅ ከቀኝ መጣባትና ክንዴን ጨበጠች። ኬንያን ወዲያው ወደድኳት።

ዓርብ፣ ጥር 14

ምሕረት ልብስ ልታጥብ ጓሮ ስትወጣ ለዳዊትና ለሐዊ ነገርኳቸው። ዳዊት ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «አንተ ይልማ! እኔማ መዝገበ ቃላት ታገባለህ ብዬ ነበር!»

ሐዊ እዚሁ የተወለደች ቦረና ናት። አማርኛን ከሆቴሉ ደንበኞች ነው የለመደችው፤ ስለዚህ የሰውን ሁሉ ጾታ አንድ አድርጋዋለች። እኔንም «አንቺ» ትለኛለች። ለምጄዋለሁ።

«ሽማግሌስ?» አለች።

«ሽማግሌ የለም።»

«ታዲያ ማነው የሚጠይቀው?»

«እኔ።»

«አንቺ ራስሽ?» ወደ ባሏ ዞረች። «ፖሌ፣ ዳዊት። ጓደኛሽ ታማለች።» ፖሌ በስዋሂሊ አይዞህ ማለት ነው። አይዞህ የተባለው ዳዊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ምክንያቴን አስረዳሁ። የምሕረት ታላቅ እህት ሽማግሌ የተላከባት ዕለት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው፣ እሷ ወጥ ቤት ሆና፣ እንደ በሬ ተነጋገሩባት። «እህቴን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም» ብላኛለች ምሕረት። በቁጣ ነበር የነገረችኝ። ስለዚህ እኔ እሷን ራሷን፣ በቀጥታ፣ ሳታስበው።

«በቀጥታው ይሁን» አለች ሐዊ። «‹ሳታስበው›ን ማን ጨመረው?»

ፊልም ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ጉልበት መንበርከኩንም ያመጣሁት ከዚያው ነው። እኛ አገር ሰው የሚንበረከከው ቤተ ክርስቲያን ውስጥና የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ ነው።

የሐዊ ክርክር እንዲህ ነበር፤ አማርኛውን አስተካክዬ ልጻፈው። ሽማግሌ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ለመልሱም ነው። መጀመሪያ ሲመጡ «እናስብበት፣ ሌላ ቀን ኑ» ይባላሉ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያፍርም። እምቢ ማለት የፈለገ ሰው በዚያ መሃል መንገድ አለው። «አንቺ ግን ፊቷ ተንበርክከሽ ‹አሁኑኑ ተናገሪ› ልትያት ነው። ኬላ ሆንሽባት።»

ይህን በልቤ ሳመላልስ ዋልኩ። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። አምና የምሕረት ባልደረቦች ልደቷን ሳታውቅ ሊያከብሩላት መብራት አጥፍተው፣ ኬክ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቋት። በሩን ከፈተች፣ ጨለማውን አየች፣ «ዛሬም መብራት የለም» ብላ ዘግታው ወደ ቤቷ ሄደች።

ዕቅዱ ግን ያው ነው። ነገ ማምሻውን፣ በሄሉ ሰፈር በኩል ካለው ጉብታ ላይ፣ ሁለቱም ሞያሌዎች ከሚታዩበት። ዳዊት «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» ብሎ ከሐዊ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። የፈጠራ ችሎታው እዚህ ድረስ ነው። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ማነከስ ሲለማመድ አየሁት።

የሚያሰጉኝ፦ ነፋስ። ከብት። እምቢታ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከኋላ ወደ ፊት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

ሆነ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከሥር ልጀምር።

ረፋድ ላይ ገበያ ወጣን። ምሕረት ለእናቷ ሌሶ መግዛት ፈለገች፤ እዚህ ሴቱ ሁሉ የሚያገለድመው ባለ አበባ ጨርቅ ነው። ሐዊ ከነጋዴዋ ከእማማ ወርቅነሽ ጋር ትከራከራለች፣ ዳዊት ሁለቱንም ያባብላል። ከዳበል መንደር ፍየል የጫነ መኪና አጠገባችን አለፈና ገበያውን በሙሉ አቧራ አለበሰው። መነጽሬ ታወረ። አወለቅኩት፣ ማኅደሩን አውጥቼ የመጥረጊያውን ጨርቅ ሳብ ሳደርግ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ወደቀ።

ተንበረከክኩ። ያለ መነጽር መሬቱን በእጄ ዳሰስኩ። በመጀመሪያ የፍየል በጠጥ አገኘሁ። ቀጥሎ ቀለበቱን አገኘሁና ጨበጥኩት። ቀና ስል ምሕረት ዞራ ቁልቁል ታየኛለች፤ እኔ በአንድ ጉልበቴ ነኝ። ጉብታው፣ ማምሻው፣ የዳዊት ጠጠር፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ግን አንዴ ወርጄአለሁ። ሰው በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ይንበረከካል?

«ምሕረት» አልኩ።

አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶት ድምፄ አልወጣም። ኃይሌን አሰባስቤ ደገምኩ። «ምሕረት! ምሕረት!»

የስሟ ትርጉም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ገበያው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ለካ ለሰው የታየው ይህ ነው፦ አንድ ጎልማሳ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ እያነባ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ አንዲት ሴት እግር ሥር ተንበርክኮ ምሕረት፣ ምሕረት እያለ ይጮኻል።

ቀድመው የደረሱት እማማ ወርቅነሽ ናቸው። «በስመ አብ! ልጄ፣ ምንም ቢያጠፋ በአደባባይ ወድቆልሻል። ማሪው!»

«ምን አጠፋ?» አለች ምሕረት።

«እሱንማ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ቀጥሎ ጉዮ የሚባሉ የፍየል ነጋዴ ሽማግሌ በትራቸውን በመሃላችን ተከሉ። «ልጄ፣ ይቅር በለው» አሏት፤ እሳቸው ደግሞ ሁሉን ሰው ወንድ ነው የሚያደርጉት። ከሐዊ ጋር ቢደመሩ አማርኛው ይስተካከላል። «ጉልበት መሬት ከነካ አለቀ። ይቅር በለው።»

«ሻውሪ ጋኒ?» አለ አንድ ፖሊስ ሰውን እየገፋ፤ ጉዳዩ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ከኋላ አንዱ «መትቷት ነው» ሲል ሌላው «ኧረ ሌላ ሴት ይዞባት ነው» አለ። ሁለተኛውን ሐሳብ ብዙ ሰው ደገፈው።

«ተነሥ እንጂ» አለኝ ዳዊት በጆሮዬ።

«ገና አልጠየቅኳትም እኮ።»

ምሕረት ጡጫዬን አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ጉዮ ዞረችና፣ በላቦራቶሪ ውጤት በምትናገርበት ድምፅ፣ «አባቴ፣ ዛሬ መልስ የለኝም፤ ላስብበት። ነገ ረፋድ ላይ እነ ዳዊት ቤት ኑ» አለች።

ሐዊ ፊቷን በሌሶ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጉብታው ቀረ። እራት ላይ ምሕረት ስለ ጎንደር ብርድ አወራች፤ ስለ ገበያው አንድ ቃል የለም። ቀለበቱን አይታ ይሆን? ወይስ እሷም ምን አጥፍቶ ነው እያለች ነው? እኔም አልጠየቅኳት፤ መጠየቅ ዛሬ አልሆነልኝም። አንድ ነገር ግን ከገበያው ጀምሮ ይገርመኛል። ያ ሁሉ ሰው ሲማልድልኝ ወንጀሌን የጠየቀኝ የለም። መጀመሪያ ይማለዳል፣ ወንጀሉ ሲደርስ ይደርሳል።

ዳዊት እስካሁን ያነክሳል። ልምምዱ አልለቅ ብሎት ነው።

እሑድ፣ ጥር 16

መጡ። የምራቸውን መጡ።

ጉዮ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል። እማማ ወርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። ፖሊሱም ያለ ዩኒፎርም ብቅ አለ፤ ሐዊ እንዳስተረጎመችልን፣ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ ካላየ ሥራ መሥራት አልቻለም። ሐዊ ሻይ በወተትና ቻፓቲ አቀረበች። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥፋተኛ የሚቀመጥበት ቦታ የትም አገር አንድ ነው።

ጉዮ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሽማግሌ መጀመሪያ የሚሰማው የተበደለውን ነው አሉና ወደ ምሕረት ዞሩ።

«አንተ ተናገር፣ ልጄ። ምን ትፈልጋለህ?»

ምሕረት ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ሳሎን ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅቷን ራሷን ምን ትፈልጊያለሽ ይላታል። ዓይኗ እንባ ያዘ መሰለኝ። መነጽሬን ጠርጌ ስለነበር መሰለኝ ሳይሆን አየሁ ልበል።

«የበደለኝ ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሊጠይቀኝ ከዲላ ድረስ አመጣኝ። ለማሰቢያ ግን አንድ ደቂቃ አላዘጋጀልኝም። ሽማግሌ እጠላለሁ አላልኩም እኮ፣ ይልማ። የጠላሁት እህቴን ሳይጠይቋት መሄዳቸውን ነው። ደግሞ ያን የመነጽር ማኅደር መንገዱን ሙሉ ስትነካካው ዓይንህን ያመመህ መስሎኝ ለጠብታ መድኃኒት ሳስብ ነበር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀለበቱን ከማኅደሩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳሩ ጎን አስቀመጥኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

«ፔቴ!» አለ ፖሊሱ፤ ቀለበት! ጉዳዩ ገብቶት ወንበሩ ላይ ተደገፈ። እማማ ወርቅነሽ ለእልልታ አፋቸውን ሲያዘጋጁ ጉዮ በትራቸውን አነሡ። ነገሩ አላለቀም። በደል አለ፤ በደል ካለ ካሳ አለ።

ፍርዱ ይህ ነው። ይልማ ዲላ ሲመለስ ለልጅቷ እናት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ከእናቷ አስቀድመው ልጅቷን ይጠይቃሉ። እምቢ ካለች ከደጅ ይመለሳሉ፤ ውኃ እንኳ አይቀምሱም።

«ትስማማለህ?» አሉ ጉዮ። እኔን መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። ምሕረትን ነው።

«እስማማለሁ» አለች። እጇን ወደ ስኳሩ ዘርግታ ቀለበቱን አነሣች። «ካሳው እስኪከፈል ይሄ እኔ ጋ መያዣ ይሆናል።» የቀለበት ጣቷ ላይ ሰፋት። መሃል ጣቷም ላይ ሰፋት። አውራ ጣቷ ላይ ልክ ሆነ።

እማማ ወርቅነሽ ከዚህ በላይ አልታገሡም፤ እልል አሉ። ሐዊ ተከተለቻቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ወደ ምሕረት ጠጋ ብዬ «አዎ ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ማሰብ ጀመርኩ። እውነቷን ነው። እስካሁን ያልኩት ስሟን ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 17

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን የሚያዘልለው መንገዱ ነው።

ጠዋት ዳዊትና ሐዊ እስከ ድንበሩ ሸኙን። ሐዊ ምሕረትን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ እኔን ደግሞ «በርቺ» አለችኝ። ኬላው ላይ ያው ሰውዬ ነበር። አወቀን። መታወቂያዬን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶነቱ አልተለወጠም።

«እህ፣ ጠየቃችሁ?» አለ።

«እሱ አልጠየቀም» አለች ምሕረት፣ ሻንጣዋን ለፈታሹ እየከፈተች።

ከኋላችን ሰልፍ ነበር። አንዲት ሴትዮ ባልዲ ተሸክማለች፣ አንድ ሾፌር ሰዓቱን ያያል። ጉብታ የለም፣ ማምሻ የለም። አልተንበረከክኩም፤ ትምህርት ወስጃለሁ። ስሟንም አልጠራሁም።

«ታገቢኛለሽ?» አልኳት።

ሌሶውን አጣጥፋ ወደ ሻንጣዋ መለሰች። ዚፑን ዘጋች። አልቸኮለችም። ቀና ስትል ዓይኗ ይስቃል፤ አውራ ጣቷን ግን በሌሎቹ ጣቶቿ ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች።

«ላስብበት» አለች። «ሌላ ቀን ና።»

የኬላው ሰውዬ ከመዝገቡ ቀና ሳይል መታወቂያዎቹን ዘረጋልን።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «ቀጣይ!»

አሁን ሜጋ ከተማን አልፈናል። ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፤ ጡጫዋ እንደተጨበጠ ነው። ሌላ ቀን የተባለው ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ አላውቅም። ስትነቃ እጠይቃታለሁ።