የለንሳ አክስት

ጽጌዬ፣ ለሳምንት ጉዞዬ የያዝኳት ብር ዛሬ አምቦ፣ ለማየት በገባሁበት የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ አለቀች። ኦቦ ጋሮማ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ለንሳን ሊያስመርቁ ከሸነን መጥተዋል። ጊደር ሸጠው ኮትና አበባ ሲገዙ ዘመድ ማምጫ አልተረፋቸውም። ሌላው ተመራቂ በዘመድ ተከቦ ፎቶ ሲነሳ አይተው «እህቴ፣ ለፎቶው አክስቷ ይሁኑልኝ» አሉኝ። ቆምኩ። አንዱ ፎቶ አምስት ሆነ፤ ለንሳ «አባ፣ ገኤ፣ ይበቃል!» ብትል ማን ሰምቷት! ኦቦ ጋሮማ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ቀድሜ ከፈልኩ፤ አክስት አይደለሁ? እኛ ሰፈር ተበድሮ የምረቃ ድንኳን በሚጥል ሰው እንስቅ የለ? እዚህ መሳቅ አቃተኝ።

ልገዛልሽ ያልኩት ነጠላ ቀረ፣ አትቀየሚኝ። እትዬ አስካለን ሳሚልኝ። ፖስት ካርድ መግዣም ስላጣሁ የጻፍኩልሽ በአንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው። ገልብጪው፤ ከአባትየው ብሳ የምታለቅሰዋ አክስት እኔው ውድነሽ ነኝ።