ጊፍቲን የቡ ጫካ ውስጥ ትቼ የሄድኩ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ አባዬ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእርስዎ ናፍቆት ብቻ በርትቶብናል። ባለፈው ስንደዋወል ድምፄ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኩዎት። ጉንፋን አልነበረም።

ኮሌጃችን በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉ ምልክቶችን ፈልጎ የማግኘት ሩጫ እንደጀመረ ነግሬዎት ነበር። ቅዳሜ ውድድሩ የቡ ከተማ አጠገብ ባለው የቡና ጫካ ተደረገ። የምንሮጠው ጥንድ ሆነን ነው፤ እኔ ከክፍሌ ልጅ ከጊፍቲ ጋር ነበርኩ። ለሁለታችን አንድ ካርታና አንድ ኮምፓስ ሰጡን፤ ስልካችንን ግን መነሻው ላይ ሰበሰቡት፣ ደንቡ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ዝናብ ጣለ፤ ጉሙም ሸፈነን። ጊፍቲ ቅጠል የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባችና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ልሸከማት ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ብንጮህ የሚሰማን ጠፋ። ስትንቀጠቀጥ ሹራቤን አለበስኳት። «ማሎ፣ ሂጂና ሰው ጥሪልኝ» ብላ ለመነችኝ። ካርታውንም ኮምፓሱንም ይዤ ሄድኩ።

አሰልጣኛችንን አብሳሎምን ይዤ ስመለስ ጊፍቲ የለችም። ቦታውን አልሳትኩም፤ ጉድጓዱ አለ፣ ሹራቤም ጭቃ ላይ ወድቋል። አባዬ፣ ጅብ የበላት ነው የመሰለኝ። ድምፄ እስኪዘጋ ስሟን ተጣራሁ። ለካ አባቦራ የሚባሉ ገበሬ ጩኸቷን ሰምተው፣ በጀርባቸው አዝለው ወደ መንገድ አውጥተዋት ኖሯል። አመሻሽ ላይ የቡ ጤና ጣቢያ አገኘናት።

አሁን ጅማ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ትራመዳለች፣ መሮጧን ግን እንጃ ብለዋል። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ «ስትሄጂ አንዴ እንኳ ዞር ብለሽ አይተሽኛል?» አለችኝ። አላየኋትም። ዓይኔን ከኮምፓሱ ላይ ካነሳሁ አቅጣጫው የሚጠፋብኝ መስሎኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። «እኔ ግን ትዞሪያለሽ ብዬ ጉሙ እስኪውጥሽ እያየሁሽ ነበር» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እናቷ ግንባሬን ስመው ሸኙኝ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስለቀሰኝ።

ነገም እሄዳለሁ። ባታናግረኝም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዱዓ ያድርጉልን አባዬ።

አክስቴ ዙቤይዳ ሰላም ብላዎታለች። ትንሹ ወንድሜ ፋሂም ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ያሳዝናል፤ እጅዎን ይስማል። አጎቴን ቲጃኒን፣ ባለቤቱን ሩፈይዳንና ሕፃኗን ቲቲን አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሲሃም
ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.