ስለትህን ከዳር ሆኜ ጠበቅሁት

ሙሌ፣ የኔ ዓለም፣

ከሄድህ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በመጀመሪያ የጎረቤት ወሬ ልንገርህ፤ ሁልጊዜም የምታስቀድመው እሱን ነበር። ጋሽ ይስማው ወገባቸው ተሽሏቸዋል። ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ፤ አሁን ያለ ምርኩዝ እስከ አስፋልቱ ይደርሳሉ። ሐሙሲት ያለችው ልጃቸውም ሁለተኛዋን በሰላም ተገላግላለች። የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው የእኛው ልጅ የስጦታው እኩያ ነውና፣ ከባለቤታቸው ከእትየ ደብሬ ጋር አያትና እናት ሆነን ስለ አንድ ዓይነት የወተት ጥርስ እናወራለን።

የጋሽ ይስማውን ወገብ ያስቀደምሁት እንዲያው አይደለም። የአንተ ስለት በእሳቸው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አጥተን ስንኖር፣ ሴት ወደማትገባባት የገዳም ደሴት ብቻህን ተሻግረህ፣ ልጅ ከሰጠኸኝ አምስት ዓመት ሲሞላው እዚህ አምጥቼ ፀጉሩን አስላጫለሁ ብለህ ተሳልህ። ሴት ብትሆንስ ብልህ፣ እሱን ሰጪው ያውቃል ብለህ ሳቅህ። በአርባ አራት ዓመቴ ወንድ ወለድሁልህ። አንተ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳትጠግበው ሄድህ።

አምስት ሲሞላው ጋሽ ይስማው እኔ እወስደዋለሁ አሉ፤ ወዲያው ወገባቸው ተያዘ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወረደ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሴቷ እያሉ አስለቀሱት። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ መቀስ አነሣሁ። ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አንዱን ዘለላ ያዝሁ። አንተ እያጠብህ ታበጥረው የነበረው ፀጉር ነው። ከዚህ ልጅ ላይ እጅህ የነካው ሌላ ምን ቀርቷል? መቀሱን አስቀምጬ ባርኔጣ ገዛሁለት።

ደስታውንም ልንገርህ። በዚህ ዕድሜዬ ሰኞ ማክሰኞ እዘላለሁ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ እሱ ይንከተከታል። ሐይቁ ዳር ስንሄድ ሰው ሁሉ አያትህ ናት ወይ ይለዋል። እናቴ ናት፣ ቆይታ ነው የወለደችኝ ይላል ቆጣ ብሎ። በልጅነቴ ብወልደው ኖሮ እቸኩልበት ነበር፤ አሁን ግን የጫማውን ክር ራሱ እስኪቋጥር ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ብቻ ሙሌ፣ ለለቅሶው ጊዜ ሰው ድንኳን ሞልቶ ተቀመጠልኝ። ልጄ ዛሬ ክሩን ቋጠረ ብዬ ብናገር ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ግን አንተ ብቻ ነበርህ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ይስማው ይዘውት ተሻገሩ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰጠኝ፤ ጀልባዋ እያነሰች እያነሰች ጠፋች። ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋርካው ሥር ባርኔጣውን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ስለቱን ልትሳል የሄድህ ዕለትም እዚያው ነበር የጠበቅሁህ። በመጣ ጀልባ ሁሉ ብድግ እላለሁ፤ አንዱ ማገዶ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ እንግዳ። ከፀጉሩ ጋር አንተም ዳግመኛ የምትሄድብኝ መስሎኝ ነበር።

ሲመጣ ራሱ እንደ ሎሚ ያበራል። እማ፣ አንቺ ስለማትገቢ እኔ ልንገርሽ፣ እዚያ ድንጋዩ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል አለኝ። አንተም ያን ጊዜ ይህንኑ ስትነግረኝ፣ ቀልድህን ተው ብዬህ ነበር። ይቅርታ። ዞር ሲልልኝ ደግሞ ከማጅራቱ በላይ ያችው ያንተ ጎድጎድ ያለች ስፍራ! ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ ፀጉሩ ሸፍኗት ኖሯል።

ዛሬ እትየ ደብሬ እንኳን ስለታችሁ ሠመረ ሊሉ መጡ። ልጁን አዙረው አዩት። ይችን ራስ አውቃታለሁ፣ ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ አጥሬን ሲያጥርልኝ ከኋላው የማያት እሷን ነበር አሉ።

እኔም ፀጉሩ እስኪሸፍናት ድረስ በየቀኑ እስማታለሁ። ከሸፈናትም በኋላ የት እንዳለች አውቃለሁ።