የወለላ ግራ እጅ

ጥቅምት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ገና ከአቃቂ ያመጣሁት ዕቃ ተፈትቶ አለቀ። አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ሌላው ደህና። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ልብስ ቶሎ ያደርቃል፣ ለአቃቂ ሰው ይሄም ብርቅ ነው። ልጄ ወለላ በር ላይ ተቀምጣ በከሰል ጉማሬ ስትስል ዋለች። ጉማሬ አይታ አታውቅም፣ ከአከራያችን ሰምታ ነው። ስድስት እግር አበጀችለት።

የፊታችን አሥራ ስድስት ሥራ እጀምራለሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ። ልጄን ማን ይያዝልኝ? የፋብሪካው ማቆያ ለጡት ልጅ ብቻ ነው አሉኝ። የኔዋ አራት ዓመቷ። ባሌ ክንዱ ቢኖር... ክንዱ ግንባር ነው። ከዘመተ ወዲህ አንድ ደብዳቤ፣ ከዚያ ዝም።

ጥቅምት 5

አከራያችን እማማ ወለተ ኪዳን ጭንቀቴን አይተው፣ "ምን ያንገበግብሻል ልጄ? የኔታ አሉ አይደል? አምጫትና ፊደል ትቁጠር" አሉኝ። የኔታ የሚሏቸው ባላቸውን ነው፣ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስን። እዚሁ ግቢ ዛፍ ሥር ያስተምራሉ።

ወስጄ አሳየኋት። ልጆቹ እየተወዛወዙ ይጮኻሉ፣ አለንጋው የየኔታ ጉልበት ላይ ነው። ወለላ ስንደዶ አንስታ ፊደሉን ነካች። በግራዋ።

የኔታ ሳቁ። "ይህችንማ እጅ እናስራታለን! በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎች ናቸው።"

በቀልድ ነው፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው... የኔ ደም ግን ፈላ። እኔም ግራኝ ነበርኩ። እናቴ አስራ አስራ ቀኝ አደረገችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ስናደድ ቃል ይይዘኛል። ልጄንማ ማንም አይነካብኝም። አለንጋ የሌለበት፣ ሲኦል የማይወራበት፣ እንደ ልጅ የምትጫወትበት ቦታ እፈልጋለሁ። በዚህ አገር የለም?

ጥቅምት 10

አለ! እሰይ!

የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት። ዥዋዥዌ አለው፣ ኳስ አለው፣ ምንጣፉ ንጹሕ። ኃላፊዋ ጓድ አገርነሽ ትባላለች፣ ጎበዝ ሴት ትመስላለች። "እዚህ ሃይማኖት የለም፣ አለንጋ የለም። ተራማጅ ሕፃናት ነው የምናፈራው" አለችኝ። ልስማት ነበር።

መፈክር የሚባለው ግራ እጅ ተነስቶ ነው። ልጆቹ ሲያሰሙ ወለላም አብራ እጇን አነሳች። ሌሎቹ ቀኝና ግራ ይደነጋገራቸዋል፣ ወዲያ ወዲህ ያነሳሉ። የኔዋ ቀጥ ብላ፣ በግራ! ጓድ አገርነሽ አጨበጨበች። "እዩዋት! ይቺ ለአብዮቱ የተፈጠረች ናት!"

ማታ ወለላን ሳቅፋት ለብቻዬ ሳቅኩ። ፍየል የተባለችው ልጅ ጀግና ሆና ገባች። የኔታ ይስሙ እንግዲህ።

ጥቅምት 16

ሥራ ጀመርኩ። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኗል። ስለያት አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጥቅምት 27

ምግብ እምቢ ትላለች። ፍራሹን እንደገና አረጠበችው። ለአዲስ ቦታ ነው ይላሉ እማማ ወለተ ኪዳን፣ "ውኃው አልተስማማትም።" ይሆን?

ኅዳር 3

ሳጥባት አየሁት። ግራ አንጓዋ ላይ ቀይ ክብ። ገመድ የያዘው።

"ማን ነው?"

እጇን ውኃው ውስጥ ደበቀች።

"ማን ነው የኔ እናት? አልቆጣሽም።"

"ምሳ ሲሆን ያስሩኛል። መፈክር ሲሆን ይፈቱኛል።"

ድንቄም ተራማጅ! በየቀኑ በገዛ እጄ ነው የማደርሳት... እጇን ይዤ፣ እየዘመርኩ!

ኅዳር 5

ከፈረቃ ወጥቼ በዚያው ሄድኩ።

"ጓድ አገርነሽ፣ የልጄ እጅ ለምን ይታሰራል?"

"በግራ ትበላለቻ። ሌሎቹ ይጸየፋሉ። ወላጆችም ተናገሩ።"

"እዚህ ሃይማኖት የለም ብለሽኝ አልነበር?"

"ይሄ ሃይማኖት አይደለም፣ ወግ ነው።"

"መፈክሩስ?"

"መፈክርማ በግራ ነው።" ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ያዘኝ። እንደ ልጅ "ል... ል..." እያልኩ ቆምኩ። ጠበቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ባልሽ ግንባር ላይ እያለ ልጅሽን ከኛ አውጥተሽ ቄስ ጋ ብትወስጃት ምን ይባላል? ላንቺው ብዬ ነው እኮ" አለች። እጄንም ጨበጠችኝ። እኔም ጨበጥኳት። ምን ላድርግ?

ኅዳር 7

ይባል የተባለው ይባል ብዬ የኔታ ጋ ሄድኩ። ኩራቴን ውጬ።

"የኔታ፣ ሳያስሩ ያስተምሩልኛል?"

አለንጋውን ከጉልበታቸው አውርደው አዩኝ። "ልዋሽሽ ልጄ? ስንቱን አስሬ አስተማርሁ። እኔንም አስረው ነው ያስተማሩኝ። አለንጋውን እተውላታለሁ፣ እጇን ግን አስራለሁ። ለሷው ብዬ።"

ለሷው... ላንቺው... ሁሉም ለኛው ብሎ! ከድጡ ወደ ማጡ። ቢያንስ እሳቸው አልዋሹኝም። ሥራዬን ልተው? ምን ላበላት? አቃቂ ልመልሳት? እናቴ የለች፣ ማን አለኝ? እማማ ወለተ ኪዳን ልያዝልሽ እንዳይሉ ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ከዚያ ገበያ። የሐይቁ ዳር ሄጄ ቆምኩ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየሁ። የት ይዣት ልሂድ? ክንዱ፣ የት ነው ያለኸው?

ኅዳር 10

ራት ላይ "እ... እ... እማዬ" አለች። ሁለት ጊዜ።

በርዷት ነው። ነፋሱ ነው።

ምን ነፋስ! ማንን ነው የማታልለው? አውቀዋለሁ ይሄን። ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ኅዳር 14

ዛሬ ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ተነሳች። ራሷ ለበሰች። የኔን አሮጌ መቀነት ይዛ መጥታ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ።

"እሰሪልኝ።"

"ምኑን?"

"እጄን። እ... እዚያ ሲያስሩኝ ልጆቹ ይስቃሉ። ከቤት ታስሬ ከሄድኩ ግን... ቆስያለሁ እላቸዋለሁ።"

ተንበረከክኩ። አይሆንም ልላት ነበር። እውነቴን ነው፣ ልላት ነበር። አፌን ይዞኝ ይሁን ፈርቼ፣ አላውቅም። የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ።

አሰርኩላት። ላላ አድርጌ።

ዞር ዞር አድርጋ አየችው። "ጠበቅ አድርጊው እማዬ፣ ይፈታል።"

ጠበቅ አደረግኩት።