የሴናዳ ለቅሶ በመርሳ

ሩትዬ፣

ዘመድ ከገዛ ልጁ የደበቀውን ለእንግዳ የሚዘረግፈው ለምንድን ነው ብለሽ አታውቂም? እኔ እዚህ መርሳ ላይ ቅናት ሊገድለኝ ነው።

የማስተረጉምላትን የቦስኒያ ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ሴናዳን፣ አክስቴ ሀስና ቤት ይዣት ሄድኩ። ልጅ ሳለች ወንድሟ በአገሯ ጦርነት መገደሉን ስትናገር አክስቴ ብድግ አለች። «ያ አላህ! እስከ ዛሬ ለቅሶ ሳንደርስሽ?» ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሰሌን ተነጠፈ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሁሉም በየተራ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አሏት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ!

ሴናዳ እንባዋን ጠርጋ «እናንተስ ማንን አጣችሁ?» አለች። አክስቴም ልጇ ዓሪፍ በኛው ጦርነት እንዴት እንደሞተ አንድ በአንድ አወራች። እኔ ስጠይቃት «ተይኝ፣ አለፈ» የምትለኝ ሴትዮ! የቤታችን ታሪክ በእኔው አፍ ተተርጉሞ ለሌላ ደራሲ ሆነ። የቤታችንን መጽሐፍ እኮ የምጽፈው እኔ ነበርኩ!

ማታ አክስቴን «ለእኔስ?» አልኳት።

«ላንቺማ ብነግርሽ፣ አንቺ አልቅሰሽ እኔው ላባብልሽ?»

እውነቷን ነው፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። በሚቀጥለው ወር ከሴናዳ ጋር ወልዲያ አባትሽ ጋሽ አበባው ጋ እንሄዳለን። ፖስት ካርዱ ሞላ፣ እማማን ሳሚልኝ። ጋሽ አበባው ግን በጦርነቱ ያዩትን መጀመሪያ ለእኔ እንዲያወሩልኝ ለምኚልኝና ምን እንዳሉ ቶሎ ጻፊልኝ።

ናጅዋ